ያለ ጥፋት የሚያነጥሰው ፈረስ

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። አንዱ ጅብ ይፈራል፣ አንዱ መርፌ ይፈራል፣ አንዱ ሚስቱን ይፈራል (ይሄኛው አስተዋይ ነው)። እኔ የምፈራው ቁጥር ነው። የሒሳብ ቁጥር አላልኩም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ ነው የምውለው። የምፈራው መድረክ ላይ የሚነበበውን ቁጥር ነው። አንድ ሰው ካኪ ለብሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ «በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ...» ብሎ ሲጀምር መውጫ በሩን እፈልጋለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ በአንድ ቁጥር ምክንያት ጠፍቼ ልቀር ነበር። ያውም በጨዋታ ቁጥር! ትስቃላችሁ? ሳቁ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከተማው ናዝሬት። ነገሩ የጀመረው ከቶሎሳ ጎሚስታ ቤት ነው። ቶሎሳ አሰብ ለሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች ጎማ ይለጥፋል፤ አንድ ሾፌር ለውለታው ብሎ ከወደብ ያገኛትን የጃፓን ጨዋታ ሰጠው። መዳፍ የምታክል፣ መስታወትና ሁለት ቁልፍ ያላት ነገር ናት። ስሟ በራሳቸው ፊደል ተጽፎባታል፤ የሚያነብልን ሰው ስላልነበረ «ጃፓኗ» አልናት።

መስታወቷ ውስጥ ትልቅ ባርኔጣ የደፋ አጭር ሽማግሌ አለ። ጋሽ ባርኔጣ አልነው። ከሰማይ ካሮት ይዘንባል። ለምን ከሰማይ? ጃፓኖቹን ጠይቁ። ቶሎሳ ደግሞ ካሮት አይደለም ድንች ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል። ጋሽ ባርኔጣ የሚወርደውን በባርኔጣው እየቀለበ አጠገቡ ለቆመ ፈረስ ያበላል። አንድ ካሮት መሬት ከወደቀች ፈረሱ ይቀየማል፤ ተቀይሞም ያነጥሳል፤ ሲያነጥስ ጋሽ ባርኔጣ ከነባርኔጣው ከመስታወቱ ተጠርጎ ይበራል። ሦስት ጊዜ ከበረረ አበቃ። በቃ ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ አዋቂ ሰዎች፣ ባለትዳሮች፣ የእድር ዳኞች ሳይቀሩ ተራ ይዘን የምንጋፋው!

ሾፌሩ እንደነገረን ይህቺ ሁለተኛዋ ናት። በመጀመሪያዋ ጋሽ ባርኔጣ ልብስ አስጥቶ ከነፋስ ጋር ይታገላል፤ በሦስተኛዋ ደግሞ ሚስት ያገባል። ማንን ነው የሚያገባው? በዚህ ጉዳይ ቶሎሳ ቤት ሰው ተኮራርፎ ያውቃል። የናዝሬት ጋሪ ነጂዎች ግን ለሠርጉ ግድ አልነበራቸውም፤ እነሱ የፈረሱ ወገን ናቸው። «አይፈረድበትም፣ ምግቡን ሲጥሉበት ምን ያድርግ?» ይላሉ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ መንገድ ላይ የጋሪ ፈረስ ባነጠሰ ቁጥር የሰፈራችን ሰው በሁለት እጁ ባርኔጣውን መያዝ ጀመረ። ባርኔጣ የሌለውም አናቱን ይይዛል።

እንዲህ ያለ ፍቅር ተደብቆ አይቀርም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ቀን ከጠባቂው ጋር ከተፍ አለና፣ ሰው ተሰብስቦ ከመፈክር ሌላ በምን እንደሚጮህ ጠየቀ። አሳየነው። ጃፓኗን «ለምርመራ» ብሎ ተቀበለን፤ ሬዲዮ ተደብቆባት እንደሆን ብሎም የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉትን ባትሪዎቿን አወጣ። ባትሪ ሲወጣ ያስመዘገብነው ክብረ ወሰን ሁሉ ይጠፋል። ቶሎሳ ያን ቀን እራት አልበላም።

ምርመራው ረዘመ። ከቢሮው መስኮት ጲፕ ጲፕ ይሰማል፤ ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። እኛስ ምን አደረግን? ተከተልናት። ድሮ ሰው በግድ የሚጎተትበት የሰኞ የውይይት ክበብ መቀመጫ ጠፋበት። ሊቀመንበሩ ውይይቱ ሲያበቃ ጃፓኗን ከኪሱ አውጥቶ ከሩቅ ከፍ ያደርግልናል፤ እሷን አይተን ወደየቤታችን። በዚህ የተነሳ ቀበሌያችን በንቃተ ህሊና ተመሰገነ።

አንድ ሰኞ ታዲያ የተተከሉትን ችግኞች ብዛት አነበበና (ችግኞቹን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም) ቀጥሎ «በጃፓኗም ስድስት መቶ አሥራ ሁለት አስመዝግበናል» አለ። አስመዝግበናል! አጨበጨብን። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ማለት ለእኛ ለአዋቂዎቹ ተራራ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ አደነቅኩት።

ያን ሰሞን ሚስቴ ሻሸመኔ እናቷ ቤት ወልዳ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ነው፣ እሑድ ክርስትና ሊነሳ ነው። አባት የቀረበት ክርስትና እንዴት ይሆናል? የአማቴን ምላስስ ማን ይችለዋል? ያለ ይለፍ ወረቀት ደግሞ የሞጆን ኬላ ማለፍ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ቀበሌ ሄድኩ። ምክንያቴን ሲጠይቀኝ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኩ፤ ክርስትና የሚለው ቃል እዚያ ቢሮ ውስጥ አይወደድም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ጽፎ ማኅተሙን ሊያነሳ ሲል፣ ከአውራጃ እንግዳ መጥቷል፣ አዳራሽ ሰው ተሰብስቧል ተባለ። «ጓድ ታደሰ፣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ» ብሎኝ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ከአዳራሹ በድምፅ ማጉያ የሊቀመንበሩ ንግግር ይሰማኛል። ጠረጴዛው ላይ ማኅተሙ አለ። ከማኅተሙ አጠገብ ማን አለች? ጃፓኗ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ተዉት፣ አትንገሩኝ፤ ያው እኔ ያደረግኩትን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ አነሳኋት። ጣቶቼ የመርፌ ጣቶች ናቸው፣ አልረሷትም። ካሮቱ ይወርዳል፣ እቀልባለሁ፣ ፈረሱ ይበላል። ናፍቆቴን ስወጣ ይለፉንም፣ አማቴንም ረሳሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። መቶ አርባ ካለፈ በኋላ ፈረሱ ጠባዩ ይለወጣል። በልቶ፣ ጠግቦ፣ ምንም ሳይጎድልበት እንዲሁ ያነጥሳል። ያለ ጥፋት! መዳኛው አንድ ነው፤ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኗቸው ጋሽ ባርኔጣ ጎንበስ ይላል፣ ነፋሱም በላዩ ያልፋል። ግን ከማነጠሱ በፊት መሆን አለበት፤ ካነጠሰ በኋላ ማጎንበስ ትርፉ ድካም ነው። እኛ የቶሎሳ ቤት ሰዎች ይሄን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀብንም። ለምን እንደቀለለን እንጃ።

መቶ አርባ ስምንት ላይ ስደርስ ጃፓኗ ዘፈነች። ክብረ ወሰን ሲሰበር የምትዘፍናት አጭር ዜማ አለቻት። እንዴ? ምኑን ሰበርኩት? ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ የት ሄደ? ትንሽ ቆሜ አሰብኩ፤ ከዚያ ገባኝና ቆሌዬ ተገፈፈ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። የሊቀመንበሩ ክብረ ወሰን መቶ አርባ ሰባት ነው። ያለ ጥፋት የሚያነጥሰውን ፈረስ አላለፈውም።

ልብ በሉ፣ አሁን እኔ ሊቀመንበሩን የበለጥኩ ሰው ብቻ አይደለሁም። ያወቅኩ ሰው ነኝ። በሰፈራችን ከሚገባው በላይ ያወቀ ሰው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ይሄዳል፤ ነጠላ ጫማው ደጃፉ ላይ ይቀራል። የአንዱን ጎረቤቴን ጫማ ሚስቱ ሳታነሳው ዝናብ ሲመታው ከርሟል፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። የማላውቀው ልጄ ፊት መጣብኝ።

ምን ይሻላል? ባትሪውን አውጥቼ ሁሉንም ማጥፋት፣ ከዚያ እንደገና ተጫውቼ ልክ መቶ አርባ ሰባት ላይ ማቆም። ምንም እንዳልነካሁ፣ ምንም እንዳላወቅኩ። ከኪሴ የማትለየኝን ትንሿን መቀስ አውጥቼ ባትሪውን ፈነቀልኩ፣ መለስኩ፣ ጀመርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ እንዲረዝም ጸለይኩ። በድምፅ ማጉያው «በመጨረሻም» ሲል ነፍሴ ልትወጣ! ደግነቱ «በመጨረሻም» ካለ በኋላ ገና አዲስ ወሬ መጀመር ልማዱ ነው። አምላኬ ሆይ፣ ስለ ዓለም ሁኔታ ይናገር እያልኩ ካሮት ቀለብኩ። ስለ ዓለም ሁኔታ ተናገረ።

መቶ አርባ ሰባት ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። ጋሽ ባርኔጣ ሦስት ጊዜ እያየሁት በረረ። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ ይቅር በለኝ አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ። ጃፓኗን ቦታዋ መለስኩ። መፈክሩ ተስተጋባ፣ በሩ ተከፈተ።

ሊቀመንበሩ ከአውራጃው እንግዳ ጋር ገባ። እንግዳው ቀጭን ነው፣ ፈገግታ የሚባል ያልፈጠረበት። ሊቀመንበሩ ስለ ችግኙ፣ ስለ ተሳትፎው አወራለት፤ ቀጠለና ስለ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ። እንግዳው እጁን ዘርግቶ «እስቲ አሳየኝ» አለ። ይሄን ማን አሰበው? ሊቀመንበሩ እንደ እኛ የሚያጨበጭብ መስሎት ነበር። እንግዳው ቁልፏን ነካ፣ መስታወቷን ወደ ብርሃኑ አዞረ፣ «መቶ አርባ ሰባት ይላል» አለ።

የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «አሻጥር!» አለ። ጣቱ ደረቴ ላይ ነው። «ይኸውና አሻጥረኛው!»

ምን ልበል? ከመጀመሪያውም መቶ አርባ ሰባት ነበር ልበል? እውነቱን ተናግሬ ልጄን ማን ያሳድግልኝ? ባትሪው ወልቆብኝ ነው ጓዶች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። መቼም ባትሪውን ማውጣቴ ሐሰት አይደለም። እንግዳው ራሱን ነቀነቀና ግለ ሂስ ማድረጌን በበጎ እንደሚያየው፣ ነገር ግን አጥፊ ያጠፋውን መተካት እንዳለበት ተናገረ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እስኪመለስ ከቀበሌ አልወጣም። ቅዳሜ ሲመለስ ያየዋል። ካልተመለሰ ይዞኝ ወደ አውራጃ ይሄዳል። ወደ አውራጃ ከተወሰደ ሰው ጋር ተገናኝቶ ስለ አውራጃ ያወራ ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም።

በቀበሌው ዕቃ ቤት ታሰርኩ። ጃፓኗን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ተራ መጫወት የዘወትር ምኞቴ ነበር፤ ምኞቴ እንዲህ ሆኖ ተሰጠኝ። ከኋላዬ ጠባቂው ኩማ ጠመንጃውን ታቅፎ ይቀመጣል። እሱም የፈረሱ ወገን ነው። ካሮት ባመለጠችኝ ቁጥር «ውይ!» ሲል አፈሙዙ ጆሮዬን ይነካኛል። በዚህ ሁኔታ ማን ክብረ ወሰን ይሰብራል? ሦስት መቶ ላይ እወድቃለሁ፣ ሁለት መቶ ላይ እወድቃለሁ። ቶሎሳ ምሳ ይዞልኝ እየመጣ በበሩ ሽንቁር «ያ ታደሰ፣ ሂንሶዳቲን» ይለኛል። አትፍራ ማለቱ ነው። አንተማ ምን አለብህ፣ ከውጪ ሆነህ!

ዓርብ አምስት መቶ ዘጠናን አለፍኩ። ትንፋሼን ውጬ እቀልባለሁ። ይሄኔ ኩማ አነጠሰ። እውነተኛ ማነጠስ፣ ከነጠመንጃው! እኔ ከነወንበሬ ጎንበስ አልኩ፤ ጋሽ ባርኔጣ ግን ቆሞ ቀረ። በረረ። ሦስተኛው መብረሩ ነበርና ምርር ብዬ አለቀስኩ፣ ኩማም ደንግጦ አብሮኝ እንባውን አበሰ። ከዚያ ወዲያ ኩማ አፍንጫውን በጋቢው ጠቅልሎ ይጠብቀኝ ጀመር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገባ። ወዲያው እጄን ሰበሰብኩ። ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ቢሆን እሱም አሻጥር ነው። እንግዳው መጣ፣ አየ፣ መኪናው ውስጥ ገባ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ሊቀመንበሩ ወደ ቢሮው አስገባኝና በሩን ዘጋ። የይለፍ ወረቀቴን ዘረጋ። ማኅተሙን አነሳ። ማኅተሙ አየር ላይ ቆመ። ሰው እንዳይሰማን ወደ መስኮቱ አየና፣ ያን ያለ ጥፋት የሚያነጥስበትን ቦታ እንዴት እንዳለፍኩት በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ዓይኑ የልጅ ዓይን ሆኖ ነበር፤ ልምልላችሁ እችላለሁ፣ ለአንድ አፍታ አሳዘነኝ። ግን ማኅተሙ ገና አየር ላይ ነው።

«ጓድ፣ ከማነጠሱ በፊት ጎንበስ ማለት ነው» አልኩ።

ሊያነጥስ መሆኑን በምን እንደማውቅ ጠየቀኝ። ይሄን ምን ብዬ ላስረዳው? ወለሉን አየሁ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ዱብ አለ።

ሻሸመኔ በሰዓቱ ደረስኩ። ልጄ ክርስትና ተነሳ፤ መልኩ እኔን ነው፣ ጩኸቱ አማቴን። ሰኞ ስብሰባ መቅረት ስለማይቻል በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለስኩ። ከቶሎሳ ጎን ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ችግኞቹን አነበበ። ከዚያ ጃፓኗን ከፍ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ያለ አንዳች ሀፍረት «በጃፓኗም ዘጠኝ መቶ አስመዝግበናል!» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩ እያጨበጨበልን አዳራሹ ውስጥ ያለነውን አንድ በአንድ እያየ በዓይኑ ሰው መፈለግ ጀመረ። ቶሎሳ በክርኑ ጎሰመኝ፤ አጨብጭብ እንጂ ሰውዬ፣ ምን ነካህ አለኝ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ነበር።