የቢምቢ ደባል

እኔ እኮ ቢምቢ ብቻዋን የምትኖር ነበር የሚመስለኝ። ለካ እሷም ደባል አላት።

ይህን የሰማሁት እዚሁ ጂንካ፣ ለእኛ ለጤና ሠራተኞች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው። ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ አለ አሉን፤ የብዙ ነፍሳት ገላ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ እናት በእንቁላሏ ለልጆቿ ታወርሰዋለች። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታዛምተው ቢምቢ ግን በተፈጥሮዋ ስለሌላት፣ በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ሆን ብለው አስገቡባት። አሁን ቫይረሱ ሊራባ ሲል ደባሉ መላወሻ ያሳጣዋል። እሷ መናከሷን አትተውም፤ በሽታው ግን እንደ ድሮው አይዛመትም። በሰው ቤት ተቀምጦ የባለቤቷን እንግዳ እምቢ ማለት! አደነቅሁት።

ይህ ዘዴ እኛ ጋ እስኪደርስ ግን ቢምቢ የሚራባበትን የቆመ ውሃ ድፉ ተባልን። እኔም ቆላ አርቦሬ መንደር ወርጄ አስደፋሁ። ሴቶቹ ከስንት መንገድ ተሸክመው ያመጡትን፣ ገና ትናንት የተቀዳውን ሳይቀር። አንዲት እናት ጄሪካኗን እያዘነበለች፣ የአንቺስ ቤት በየስንት ቀኑ ይደፋል ስትል ጠየቀችኝ። በየሳምንቱ አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እውነቱን ልንገራችሁ? የጂንካ ቧንቧ ሲያሰኘው ነው የሚመጣው። አሸንዳው ሥር ያቆምኩት በርሜል ክረምት ከበጋ ክፍቱን ነው፤ አይደፋም። እጮቹ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ በነጠላ አጠልላቸውና ወጥ እሠራበታለሁ። ሲፈላ ይሞታል፣ ምን አለበት?

ከአርቦሬ ስመለስ ተከራዬ ሙና ተኝታለች። ሙና ከወልቂጤ ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። ትኩሳቱ፣ የዓይኗ ሕመም፣ አጥንቷን ሲሰብራት! የወባ ምርመራዋ ነጻ ሆነ፤ ሐኪሙ ደንጊ ነው አላት። እኔ ምን ብዬ ለግቢው አወራሁ መሰላችሁ? ባለፈው ወር ከተማሪዎቿ ጋር ኦሞ ወንዝ ዳር፣ ዱስ መንደር ሄዳ አልነበር? ከዚያ ይዛው መጣች አልኩ። አንድ ወር ሙሉ ተደብቆ የሚቆይ ደንጊ እንደሌለ እያወቅሁ። ሌሎቹ ተከራዮች በበሯ ማለፍ ተዉ። ምግቧን እንኳ ደጃፏ ላይ አስቀምጠው ይሸሻሉ።

ሦስት ቀን ቻልኩት። በአራተኛው ሾርባ ይዤ ገባሁና፣ ሙናዬ፣ የነከሰችሽ የእኔ በርሜል ልጅ ናት አልኳት።

"አውቃለሁ እትዬ" አለች። "በነጠላ ሲያጠልሉ በመስኮት አያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ጂንካ ቤት ይገኛል እንዴ?"

ሾርባውን አጠገቧ አስቀመጥኩ። የቢምቢ ደባል እምቢ የሚለው አከራይ ስለማይፈራ ነው ለካ።

ወጥቼ ግቢውን ሰበሰብኩና ውሸቴን ሁሉ ዘረገፍኩት። በርሜሉንም እዚያው ፊታቸው ገለበጥኩት። እንዴት ቀለለኝ መሰላችሁ! ከእንግዲህ የቆመ ውሃ ባየሁበት ሁሉ ዝም አልልም ብዬ ማልኩ።

በማግስቱ ቧንቧው አልመጣም። ባልዲዬን ይዤ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። የእሷም በርሜል ክዳን የለውም፤ እጮቹ ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ።

አየኋቸው። አመስግኜ ቀዳሁ፣ ቤቴም ገብቼ አጠለልኩ።