መጨረሻውን ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤታችን

ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ሁሉ አጠገብ መጨረሻውን የሚያውቅ ጎረቤት አለ። «እኛ ዘንድ የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሱቁ ከግቢያችን በር ጎን ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲሞርድ ይውልና ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የብረት ብናኙን ከሱሪው እያራገፈ እኛ ቤት ከች ይላል። ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ጋሽ አስቀድሞ» ነው። ክቡርነታቸው ወንበራቸው ላይ ከተሰየሙ በኋላ ድራማ ማየት የሚባል ነገር የለም፤ ያሉት መፈጸሙን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

«ይሄ ሰውዬ አይሰነብትም» ይላል፣ ገና የመግቢያው ሙዚቃ ሳያልቅ።

«ደግሞ ምኑን አየህና?» ትላለች ታላቅ እህቴ። እኔም ልጄም እሱም «እትዬ» ነው የምንላት።

«ስለ ልጅነቱ ማውራት ጀመረ እኮ! ድራማ ውስጥ ስለ ልጅነቱ ያወራ ሰው ሳምንት አይደፍንም። ጻፉልኝ!»

በሦስተኛው ቀን ሰውዬውን መኪና ገጨው። እትዬ ስታለቅስ ጋሽ አስቀድሞ ሻዩን ፉት አለ።

ሕግጋቱ ብዙ ናቸው። ድራማ ውስጥ ያሳለች ሴት ጉንፋን ብቻ ይዟት አያውቅም። ገና ሲተያዩ የተጣሉ ወንድና ሴት መጋባታቸው አይቀርም። ሬሳው ካልታየ ሰውዬው አልሞተም። ሌባ በፀጉር መርፌ በር ሲከፍት ካየ ደግሞ የዚያን ቀን ድራማውን እርሱት። «በፀጉር መርፌ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር አንድም ቀን አላየሁም! ደራሲው አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?» ይልና ማስታወቂያው እስኪመጣ ስለ ቁልፍ ጥርስ ያስረዳናል።

የቪዲዮ ጌምንም አይምርም። ልጄ ስትጫወት ከኋላዋ ይቆማል።

«ቁሚ! ያ በር ውስጥ አትግቢ።»

«ለምን ጋሼ?»

«መድኃኒቱን አየሽው? ጥይቱን አየሽው? ይሄን ሁሉ በር ላይ በነፃ ደርድሮ የሚሄድ ቸር ሰው የት አለ? ውስጥ አንድ ጉድ አለ።»

ገባች። ቤት የሚያክል ጭራቅ ጠበቃት። «እማዬ፣ በናትሽ ሰውዬውን አስወጪልኝ» ብላ መጫወቻውን ወረወረችው። እኔም ከዛሬ ነገ በሩን እቆልፍበታለሁ እያልኩ ስዝት ነበር፤ ችግሩ ቁልፉን የሠራው እሱ ነው።

እንዲህ ተማርረን ባለንበት ነው የእትዬ ዓይን የታመመው። ግራ ዓይኗ ብርሃን ካጣ ቆይቷል፤ አሁን የታመመው ያ አንድ የቀራት ነው። ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። ሐኪሟ ግን ሲያሰናብታት ቁርጡን ነገራት፦ «ዓይንዎ ውስጥ ያስገባነው አየር ቦታውን እንዲይዝ፣ አሥር ቀን ሙሉ ፊትዎ ወደ መሬት ይሁን። ሲበሉም፣ ሲተኙም። ቀና ቀና ካሉ ይሄኛውንም ያጡታል።»

ሶፋው ላይ በደረቷ አስተኛናት፤ ግንባሯን ትራስ ላይ ደፋች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁለት ዓመት የተከታተለችው ድራማ የሚያልቀው በእነዚያው አሥር ቀናት ውስጥ ነበር። የድራማው ባለታሪክ ልጇን ከቤት ያባረረች እናት ናት፤ አሁን ልጁ እየተመለሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ብርጭቆ ተሰበረ። እትዬ «ውይ፣ ምን ሆነ?» ብላ አንገቷን ብድግ! ጮኼ መልሼ ደፋኋት። ነፍሴ መለስ ስትል ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባሰባት። «አሁን ምን እየሆኑ ይሆን?» እያለች በየደቂቃው ቀና ማለት ጀመረች። «እህቴን ድራማ አሳወራት» ብዬ ለዘመድ አዝማድ በየትኛው አፌ ልናገር?

ጋሽ አስቀድሞ መጣ። ነገርኩት። ወንበሩን ትቶ፣ ከጭንቅላቷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለና ቴሌቪዥኑን አብሪው አለኝ።

«እትዬ፣ አሁን ለእናትየው ስልክ ይደወላል። የሚደውለው ልጇ ነው። ግን ሳይናገር ይዘጋዋል፤ አይደንግጡ።»

ስልኩ ጮኸ። የእትዬ አንገት ንቅንቅ አላለም። ለምን ብላ ቀና ትላለች? ሁሉን አውቃዋለች! ለካስ አንገቷን የሚያነሳው ጉጉቱ ኖሯል፤ ጉጉት መግደል ደግሞ በሰፈራችን ከሱ በላይ የሚችልበት የለም። በየቀኑ ሱቁን አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እየዘጋ መጣ፤ ሳይነገራት የደረሰ አንድም ነገር አልነበረም። እኔም፣ ያ ሁሉ ዛቻዬ የት እንደገባ እንጃ፣ ሰውዬውን ወደድኩት።

በአሥረኛው ቀን የመጨረሻው ክፍል መጣ። «ዛሬ ልጁ በሩን ያንኳኳል፤ እናትየው ትከፍትለታለች፤ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ አለቀ» ብሎ ፈረደ።

ልጁ አንኳኳ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ብቻ ሆነ። እናትየው መጣች፣ ቁልፉን ያዘች፣ ቆመች። ቆመች። ከዚያ እጇን ከቁልፉ አንስታ ወደ ጓዳ ተመለሰች። የተዋንያኑ ስም መውረድ ጀመረ።

ሊቃችን ተሳሳተ! ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከፈተችለት?» አለች እትዬ ከትራሱ ውስጥ። አንገቷ ሲወጠር አየሁት።

«እንዴታ!» አለ። «ይኸው ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው። አቀፈችው። እየሳቀች ነው የምታለቅሰው እትዬ። ከስቶባታል፤ ፊቱን እየዳበሰች ነው። ጫማህን አታውልቅ፣ ግባ እያለችው ነው።»

ልጄ አፏን ስትከፍት በእጄ ከደንኩት። እትዬ ትራሷ ውስጥ ተንሰቀሰቀች፤ ግንባሯ ግን ከትራሱ አልተነሳም።

ዓይኗ ዳነ። ሐኪሟ ራሱ «እንደርስዎ ትእዛዝ ያከበረ አላየሁም» አላት።

ከወር በኋላ ያ ክፍል ሊደገም ነው ሲባል ጋሽ አስቀድሞ ጠፋ። ሱቁ ድረስ ሄጄ ጎትቼ አመጣሁት። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየች። እናትየው ቁልፉን ለቃ ወደ ጓዳ ስትመለስ፣ እሱ ብናኝ ያጠቆራቸውን ጣቶቹን ያይ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል» አለችው፣ ቴሌቪዥኑን እያጠፋች። «እነዚህ ሰዎች ምን ያውቃሉ? ከፍታለታለች። አንተ ስትነግረኝ እኮ፣ በዚህ በዓይኔ አይቻታለሁ።»