ተቀምጦ የሚዋጋው ኒንጃ

የሰው ልጅ ወደ ላይ ለሚወጣ ነገር ሁሉ ማጨብጨብ ይወዳል። ወፍ ያደንቃል፤ አውሮፕላን ያደንቃል፤ ከምንም ተነሥቶ ፎቅ ያቆመ ነጋዴ ያደንቃል። ከተቀመጠበት ንቅንቅ ለማይል ሰው ግን ማን አጨብጭቦ ያውቃል? «ደርቆ ቀረ» ይባላል እንጂ። እኔም እስከዚያ ኅዳር ወር ድረስ ከአጨብጫቢዎቹ ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ፈላስፋ አልነበረም። ኒንጃ ነው።

ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው ከኒንጃ ጋር የሚውል እንዳትሉኝ፤ ጊዜውን አስታውሱት። ዋና ከተማዋን በዙሪያዋ ወዳለው እርሻ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ተነሥቶ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም የተናወጡበት ወቅት ነው። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ለቅሶው ብቻ አልተዘጋም። የእኅቴ ልጅ ዳዊት የሚነዳት ሚኒባስ መስታወቷ እንዳይረግፍ ብሎ ከግቢዬ አስገብቶ አቆማት፤ እሱም አብሯት ቆመ። ሾፌር ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ላፕቶፑን ከፍቶ በፍላሽ ያመጣውን ተከታታይ ፊልም ሲኮመኩም ይውላል።

መጀመሪያ በጎሪጥ ነበር የማየው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በወጉ ያጠናቀቅሁ፣ ከረባቴን ሳላስር ከበር የማልወጣ ሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ከጣራ ጣራ ከሚዘሉ ሰዎች ጋር ምን አለኝ? በማግስቱ ግን አንዱ ተዋጊ ወንበሬን ወደ ፊት አስጎተተኝ። ይህ ሰው አይዘልም። ጠላት ሲመጣበት ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ይቀመጥና መዳፉን አፈር ላይ ያሳርፋል። ጥበቡን «የመሬት ጥሪ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብታዩ! በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ይከብዳል። በነፋስ ይንሳፈፍ የነበረ ቅጠል እንደ ጠጠር ዱብ ይላል። ወፎች መብረሩን ትተው በእግራቸው ይሄዳሉ። በአየር ላይ ተወርውሮ የመጣው ጠላት መጀመሪያ ሰይፉ ከእጁ ይወድቃል፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም የዓይኑ ሽፋን እንኳ ከብዶት ይከደናል። አንዲት ጠብታ ደም አትፈስም።

ደስታዬን ለመሸፈን ክርክር ጀመርሁ። ፊዚክስ ያስተማሩን ሕንዳዊ መምህር ስበት ለማንም እንደማያዳላ አስረግጠው ነግረውናልና፣ ጠላቱ ከከበደ ኒንጃውም ሊከብድ ይገባዋል ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተሟገትሁ።

«ጋሼ፣ ኒንጃ ነው እኮ» አለኝ ዳዊት፤ «ቀበሌ አስፈቅዶ አይደለም የሚዋጋው።»

ጎረቤቴ ኦቦ ጉተማ የገቡት በዚህ መሐል ነው። እርሻቸው ከግቢዬ አጥር ይጀምራል፤ ከአያት የወረደ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያም የላቸውም። የመጡት ሊያማክሩኝ ነበር። ቀያሾች መጥተው የእርሻውን ማዕዘን በኖራ ምልክት አድርገውበታል፤ በማግስቱ ጠዋት ችካል ሊተክሉ ነው። ልኬቱ የሚነሣው ከዚያች ማዕዘን ስለሆነ፣ ችካሉ ከተተከለ እርሻው አለቀለት ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ግን፣ ልጆቻቸው ዱላ ማዘጋጀታቸው ነበር። «መሬቴም ልጆቼም በአንድ ቀን እንዳይሄዱብኝ» አሉ። ወንበር ሳብሁላቸው። ሲቀመጡ ዓይናቸው ላፕቶፑ ላይ አረፈ።

«ይህ ሰውዬ ተቀምጦ ነው የሚያሸንፈው?»

አዎን አልኋቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቱ፣ እኛ ሁለታችን ስንት ኪሎ እንሆናለን?»

በማግስቱ ልጆቹን ከቤት እንዳይወጡ አባታቸው ገዝተዋቸው፣ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ጤፉ በታጨደበት ገለባ ላይ፣ በኖራው ምልክት ላይ ተቀመጥን። ወንበር እንጂ መሬት የማያውቀው ሱሪዬ ምን እንዳለኝ አልነግራችሁም። ወገቤን አቅንቼ መዳፌን አፈሩ ላይ አሳረፍሁ። መኪናዋ መጥታ ቆመች። አንድ ወጣት ችካልና መዶሻ ይዞ ወረደና አባቶቼ፣ እባካችሁ ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ ብሎ ለመነን። ንቅንቅ አላልንም። በግራ ዞረ፤ በቀኝ ዞረ። ሽማግሌ በብብቱ ይዞ ማንሣት አልሆነለትም፤ አሳዳጊውን ይባርክ። አለቃውን ሊጠራ ሮጠ። የመሬት ጥሪ ሠራ!

አለቃው ከመኪናዋ ወረዱ። ከጡረታ በኮንትራት የተመለሱ፣ ጠጉራቸው እንደ ባዘቶ የነጣ፣ በከዘራ የሚሄዱ መሐንዲስ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሁለታችንም ይበልጣል። አጠገባችን ሲደርሱ ምን አደረግን መሰላችሁ?

«ኖር!» ብለን ሁለታችንም ብድግ አልን።

ኒንጃ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ይህ የእኛ ስሕተት ነው። ታላቅ ሲመጣ እግር ጭንቅላትን ሳያማክር ይነሣል። ዳዊት ከአጥሩ ኋላ ሆኖ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ወጣቱ ባዶዋን ማዕዘን አይቶ ችካሉን አነጣጠረ።

«በእግዜር! በሞቴ ተቀመጡ» አሉ መሐንዲሱ።

«እርስዎ ቆመው? አይደረግም» አሉ ኦቦ ጉተማ።

«ኧረ ተቀመጡ ግዴላችሁም።»

«እርስዎ ካልተቀመጡማ አንቀመጥም» አልሁ እኔ። በሐቅ እናገራለሁ፣ በዚያች ቅጽበት ኒንጃውም ፕላኑም ከአእምሮዬ ጠፍተው ነበር፤ ሰውየው መቆማቸው ነው የከነከነኝ። መሐንዲሱ ዙሪያቸውን አዩ። በወግ ያደገ ሰው ሽማግሌ አስቁሞ ሥራ አይሠራም። ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ልክ ኖራው ላይ።

የወጣቱ መዶሻ በአየር ላይ ቀረ።

እንደ ተቀመጥን ኦቦ ጉተማ «አካም ቡልተን?» ብለው እንዴት እንዳደሩ ጠየቁ፤ መሐንዲሱም በዚያው በኦሮምኛ መለሱና ከብቱም፣ እህሉም፣ ልጆቹም ተራ በተራ ተጠየቁ። የሱሉልታ ሰው ሆነው ተገኙ። ከዚያ መሐንዲሱ ከአፈሩ ጭብጥ አድርገው አዩት።

«የአባቴን እርሻ የለካው ሌላ ሰው ነው» አሉ። «የዚያን ቀን እኔ ዱከም የሰው እርሻ ስለካ ነበር።»

ወጣቱ ግን የታዘዘውን ፈጻሚ ነውና ኢንጂነር፣ ችካሉን የት ልምታው ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ተቀምጬበት እንዴት ትመታዋለህ?» አሉት። «ለዛሬ ማዕዘኑ አልተገኘም ብለህ ጻፍ።»

ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እኔና ኦቦ ጉተማ መንግሥትን ግራና ቀኝ በብብቱ ይዘን አነሣነው፤ ገለባውንም ከሱሪው አራግፈን ሸኘነው።

ከሳምንታት በኋላ፣ ቀያሾቹ ሳይመለሱ፣ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። እኛ አስቀረነው አልልም፤ ለዚያ በሕይወታቸው የከፈሉ አሉ፤ በእነሱ ፊት ስለ ሁለት ሽማግሌዎች መቀመጥ ማውራት ነውር ነው። ዳዊት ግን የመሬት ጥሪ ነው፣ መሐንዲሱን ጎትቶ ያስቀመጣቸው እሱ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሁለታችንም ቆመን እንደ ነበር አስታውሰዋለሁ።

ችካሉን ረስተውት ሄደዋል። ኦቦ ጉተማ በዚያችው ማዕዘን ላይ በገዛ እጃቸው ተከሉትና ጥጃ አሰሩበት። ጥሩ እንጨት ነው ይላሉ።