የአባይነህ የሰማይ ዕቃ

በየሰፈሩ እሱ ከሥራው ቢሰናበትም ሥራው ከሱ ያልተሰናበተ አንድ ሰው አይጠፋም። ጡረታ የወጣ ዳኛ ቤቱ ውስጥ ለተሰበረ ብርጭቆ ምስክር ያስቆጥራል። የላፍቶ ድርሻ ደግሞ ክቡር ኢንጂነር አባይነህ ነበሩ። «ኢንጂነር» ያላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸው በደርግ ጊዜ አየር ኃይል የሩሲያውን ተዋጊ አውሮፕላን፣ የሚግን ጎማ ሲቀይሩ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ ከነቱታቸው ቤታቸው የገቡ ሰው ናቸው።

ቤታቸው ገብቶ ሩሲያን ሳይነካ የሚወጣ እንግዳ የለም። መጋረጃው ሚግ ሲያርፍ ከኋላው የሚዘረጋው ፓራሹት ነው። ወንበሩ የፓይለት መቀመጫ ነበር፤ ለተቀመጠበት ሁሉ «አይዞህ፣ አብራሪውን ወደ ሰማይ መወርወሪያው ተፈቷል» ይሉታል። «ሁሉንም በጨረታ ነው የገዛሁት» ማለትንም አይረሱም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዋናው ግን ግቢው መሀል የተጋደመው ረጅምና ሹል ቋት ነበር። ሚግ ሆዱ ሥር አንጠልጥሎት የሚበር ትርፍ የነዳጅ ቋት ነው፤ እሳቸው ቧንቧ ገጥመው የውሃ ማጠራቀሚያ አደረጉት። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጎረቤት ጄሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ እሳቸውም እየቀዱ ያስተምራሉ።

«ይሄ የሰማይ ዕቃ ነው፤ የምድር ዝገት አይነካውም!»

ትምህርቱ ሳያልቅ ጄሪካን አይሞላም።

ባለቤታቸው ትሩፋት ግን አንጀቷ አሯል። ሻይዋ ላምባ ላምባ ይላል።

«እንደ ሰው አንድ በርሜል ቢኖረኝ ምን ነበረበት?»

«በርሜል መብረር አይችልም፣ ትሩፋት።»

«ይሄስ መች በረረ? ስንት ዓመቱ ተጋድሞ!»

አንድ ቀን እሳቸው ለቡ ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ «ቁራሌው!» እያለ በበሩ አለፈ። ትሩፋት ጠራችው። ቋቱ በጋሪ ሄደ፤ በቦታው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቆመ።

ለጭቅጭቅ ተዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። አባይነህ በርሜሉን አንዴ ዞረው አዩት። «ጥሩ በርሜል ነው» ብለው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ዝም። ጎረቤት ሊቀዳ ሲመጣ ከቤት አይወጡም፤ ጄሪካኑ ቶሎ ይሞላል፣ ቀጂውም ቶሎ ይሄዳል። ሻዩ ሻይ ሻይ አለ። ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ቤቱን ሲሞላው ግን ትሩፋትን ጸጸት ያንገበግባት ጀመር። ከብረቱ ጋር የባሏንም አፍ ጨምራ መሸጧ ገባት።

ቁራሌውን ሰውዬ ፈልጋ አገኘችው።

«እሱማ ቀለጠ፣ እናቴ። መርካቶ ድስት ሆኗል።»

መርካቶ ወረደች። ከተደረደረው ድስት ሁሉ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? ዓይኗ ያረፈበትን ገዝታ ፊታቸው አስቀመጠችው።

«ቋትህ ነው። ሳልጠይቅህ መሸጥ አልነበረብኝም፤ ይቅር በለኝ።»

አባይነህ ድስቱን አነሱት። በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አይ ትሩፋት» አሉ፣ ድምፃቸው ሰለል ብሎ። «ይሄ የሚግ አይደለም። የአንቶኖቭ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደግሞ ጀመረህ!» ትል ነበር። አሁን ግን በርጩማዋን ሳብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አንቶኖቭ ደግሞ ምን ዓይነት አውሮፕላን ነው?» አለቻቸው።