የሳሊማ ጆሮና የርእሰ መምህሩ ዋንጫ

(አሶሳ ዳር ያለ ትምህርት ቤት፣ የርእሰ መምህር አሳምነው ቢሮ። በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» የሚለው ማንጎ ነጋዴ ዐብዱልቃድር፣ ሴት ልጁ ሳሊማ እንደማትሰማ የሚመሰክር ደብዳቤ ለማጻፍ ሲመላለስ ጫማው አልቋል። ያለ ትምህርት ቤቱ ማኅተም ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የመስሚያ መሣሪያም ሆነ ድጎማ አይሰጥም። ዛሬ ግን ቆርጦ መጥቷል።)

አሳምነው፦ አትሰማም አትበለኝ! ኮርታ ነው! ስጠራት ዞር እንኳ አትልም!

ዐብዱልቃድር፦ ኡስታዝ፣ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ይኮራል? ፍየል እንኳ ሲጠሩት ዞር ይላል።

አሳምነው፦ ከክፍሉ እንደሷ ጨዋ የለም። አታወራ፣ አትጠይቅ፣ አትረብሽ! «ምስጉን ተማሪ» ብለን ሸልመናታል።

ዐብዱልቃድር፦ ሸልማችኋል። ስሙ ሲጠራ ጓደኛው ነው ገፍቶ ያስነሳው።

አሳምነው፦ ትሕትና ነዋ!

ዐብዱልቃድር፦ ወላሂ ኡስታዝ፣ ልጄ ትምህርት እያለፈው ነው። ሆዴ ተቃጠለ። አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ።

አሳምነው፦ ልጻፍና ዋንጫዬን ልቀማ? «አካል ጉዳተኛ የሌለበት ትምህርት ቤት» ተብለን ከወረዳው አንደኛ ወጥተናል!

ዐብዱልቃድር፦ እንግዲያው ልጄ በዋንጫው ይስማ?

አሳምነው፦ (ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ) ቆይ፣ በሳይንስ አሳይሃለሁ። ድንጋይም ቢሆን የሚሰማው ወሬ አለ። (በመስኮት) ተማሪዎች! ዛሬ ትምህርት የለም! ወደ ቤታችሁ!

(አፉን ሳይዘጋ ግቢው ነቅሎ ወጣ። መምህራኑማ ተማሪዎቹን ቀድመው ነበር። አቧራው ሲረግፍ ከፊት ለፊቱ ክፍል ሳሊማ ብቻዋን ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።)

አሳምነው፦ አየህ? ትምህርት ወዳድ ማለት ይቺ ናት!

(ልጆቹ መንገዱን ሲያጥለቀልቁት ያየ የወረዳ ሱፐርቫይዘር ሞተሩን አቁሞ ገባ። «ሁሉን ለቀህ ይቺን ሕፃን ብቻ ለምን አገትሃት? ቅጣት ነው?» ብሎ ከግቢው ጮኸ። ተማሪ መቅጣት ከሥራ እንደሚያስባርር አሳምነው አሳምሮ ያውቃል።)

አሳምነው፦ (ላብ አጥምቆት፣ በድምፅ ማጉያው) ኧረ ጌታዬ፣ አልቀጣኋትም! አትሰማም! ጭራሽ አትሰማም! አጠገቧ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም!

(ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዐብዱልቃድር ማኅተሙን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ አቀበለው።)

ዐብዱልቃድር፦ አልሐምዱሊላህ። መድፉ ይቅር ኡስታዝ፣ «አትሰማም» የሚለው ብቻ ይበቃናል። ጻፍና ምታበት።