ዱብቲ ላይ ቅቤ የረጋበት ዓይን

ሰው ሲምል «ዓይኔን ያፍስሰው» ይላል፤ ሲያፈቅርም «ዓይኔ» ብሎ ይጠራል። «የዓይኔ ቆብ» ተብላ የተቆላመጠች ሴት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። ከንጋት እስከ ማታ እየተከፈተችና እየተከደነች አቧራውን፣ ዝንቡን፣ ፀሐዩን የምትመክትልን ግን እሷ ናት። እኔም ብሆን ውለታዋ የገባኝ ካኮረፈችኝ በኋላ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ዱብቲ እርሻ ላይ ጥጥ ውሃ አጠጣ ነበር። አንድ ጠዋት ስነሳ የቀኝ ዓይኔ ቆብ ላይ ሽንብራ የሚያህል እብጠት ተቀምጧል። አያምም፣ አያሳክክም፤ ይከብዳል ብቻ። በሳምንቱ ሎሚ አከለ። እሺ፣ ሎሚ እንኳ አላከለም፤ ግን ሰው ሲጠይቀኝ ሎሚ እላለሁ። ክብደቱ ቆቤን እየጎተተ በየደቂቃው ይከድናታል። ከፊት ለፊት ለሚያየኝ ሰው ይህ መጥቀስ ነው።

ሻይ ቤት ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው። ከወሎ መጥታ ሻይ ቤት የከፈተችው ዘሃራ «አንተ ሰይድ፣ ባለትዳር ነኝ እኮ! ወላሂ ለባለቤቴ ነው የምነግርብህ» ብላ ሳቀችብኝ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን ሌላ ነው። ሊቀ መንበሩ ብድግ ብለው «ጓዶች፣ ዘንድሮ የጥጥ ምርታችን በእጥፍ አድጓል!» ከማለታቸው ቆቤ ክድን! የተቀመጥኩት ደግሞ አፍንጫቸው ሥር ነው።

«ማንን ነው የጠቀስከው?»

«ማንንም ጓድ። በሽታ ነው።»

«ምርት ሲባል ብቻ የሚነሳ በሽታ?» አሉና ሁለት ሳምንት ሰጡኝ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ወይ ዓይኔ ይስተካከላል፣ ወይ የአብዮት ጥበቃዎቹ ዘንድ ገብቼ አስረዳለሁ። እዚያ ሊያስረዳ የገባ ሰው መቼ አስረድቶ እንደሚጨርስ ደግሞ አይታወቅም።

መካሪ በዛ። አንዱ በጋለ ሚስማር ልተኩስህ አለኝ፤ ሌላው በጥፍሩ ሊያፈርጠው ዘሎ ያዘኝ። ዘሃራ አስጣለችኝና እየጎተተች ክሊኒክ አስገባችኝ፤ ሲስተር አበባ ዘንድ።

እንዴት ያለች ሰው መሰለቻችሁ! ወረፋዋ ከዱብቲ ሰርዶ ከተማ ይደርሳል ብል ብዙም አልጨመርኩም። ቆቤን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ዓይንህ ደህና ነው» አለችኝ። «ቆብህ ውስጥ ዓይንን የሚያለሰልስ ቅባት የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አንዷ ተደፍና ቅባቱ እንደ ቅቤ ረግቶ ነው።»

«ሲስተር፣ ዱብቲ ላይ ቅቤ ይረጋል?» እኛ ዘንድ እኮ ቅቤ ቀልጦ በጠርሙስ ነው የሚሸጠው።

«ያንተ ረግቷል። ንጹሕ ጨርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከርክ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ ያዝበት። ከዚያ በቀስታ እሸው። እንዳታፈርጠው!»

ሙቀት ጎድሎህ ነው ስባል ሳቄ መጣ። ዱብቲ ላይ! ለምን እንጨት አባክናለሁ ብዬ ቀትር ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩና ቆቤን እንደ በርበሬ አሰጣኋት። ሦስት ቀን። አፍንጫዬ ተላጠ፤ ቅቤው ንቅንቅ አላለም።

ሲስተር አበባ ተላጥኩ ብዬ ስመለስ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «ፀሐይ ቆዳህን ነው የሚያቃጥለው፤ እርጥብ ሙቀት ነው ያልኩህ» ብላ ራሷ ውሃ አሞቀች። እንዳያቃጥለኝ መጀመሪያ በራሷ ክንድ ላይ ሞከረችው። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቃት አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆማ ያዘችልኝ። «እንዲህ ነው። በሳምንታት ካልጠፋ፣ ወይ እዚያው ቦታ ከተመለሰ ሐኪም ያየዋል» አለችኝ። እናቴም እንዲህ አልያዘችኝም።

እንዳለችው አደረግኩ። ሽንብራው ምስር ሆነ፤ በስብሰባው ዋዜማ ምስሩም ጠፋ።

ሊቀ መንበሩ አስነሱኝ፤ ዓይኔን አዩ። እብጠት የለበትም። «ታዲያ በሽታ ለመሆኑ ማስረጃህ የት አለ?»

ተመልከቱልኝ! ባልድን ጠቀስክ፣ ብድን ማስረጃ አጠፋህ። ያኔ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች፤ በዚያ ዘመን ብቻን መነሳት ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አለች ሲስተር አበባ። «ያከምኩት እኔ ነኝ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ የእርስዎም የግራ ዓይን ቆብ ጀምሮታል። ነገ ጠዋት ይምጡ፤ ወረፋ አለ። እንዳያፈርጡት።»

ሊቀ መንበሩ የዓይን ቆባቸውን ዳሰስ አደረጉና እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ወረፋ ግን አልወደዱም መሰል፣ ክሊኒኩ ጋ አልታዩም።

በሚቀጥለው ስብሰባ «ጓዶች፣ ምርታችን በሦስት እጥፍ አድጓል!» ሲሉ የግራ ዓይናቸው ክድን አለች። ማንን እንደጠቀሱ ማንም አልጠየቃቸውም።