ጋሼ ክፍሉ ድምፅ ሲሰጡ

ሀበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ድምፅ መስጠትን ከመቁረብ እኩል የሚፈራ አንድ ክርስቲያን አይጠፋም። ሌላው ሰው ባሎቱን፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን፣ ስልክ እያወራ ሞልቶ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ይህ ሰው ግን ፖስታው በሜይል ከመጣበት ቀን ጀምሮ እህል አይወርድለትም። በእናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አለ። የእኛው፣ በካሊፎርኒያ ፌርፋክስ ሰፈር ያሉት፣ ጋሼ ክፍሉ ይባላሉ።

ክቡር መራጭ ጋሼ ክፍሉ፣ እኔ ወጥ ከምሠራበት ምግብ ቤት ጀርባ ያለውን የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ቁልፍ ይቀበላሉ፣ ፓርክ ያደርጋሉ፣ ቁልፍ ይመልሳሉ። ሲቲዝን ከሆኑ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ፖሊስ ሲያዩ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። በምርጫ ዓመት ከሁሉ ቀድመው መጨነቅ ይጀምራሉ፣ ከሁሉ ኋላ ይጨርሳሉ። "ይሄ ነገር ኋላ ያስጠይቃል" ይላሉ። ኋላ ማለታቸው ከምርጫው በኋላ አይደለም። ከሞት በኋላ ነው።

ዘንድሮ ፖስታው ሲመጣ አልከፈቱትም። በፕላስቲክ ጠቅልለው ከጃኬታቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ጀመር። "ለምን አይከፍቱትም?" አልኳቸው። "ከከፈትኩትማ ተጀመረ ማለት ነው" አሉኝ።

ሲከፍቱት የባሰ ነገር አገኙ። ለካ ፕሬዚዳንት ብቻ አይደለም የሚመረጠው፤ ዳኞችም አሉ። ጋሼ ክፍሉ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። "አትፍረዱ ተብለናል" አሉ። "እኔ አልፈርድም ብዬ ፈራጅ ልሹም?" የዳኞቹን ቦታ ባዶውን ተዉት። ስለ ውሃና ስለ ትምህርት ቤት ሕዝቡ 'ይሁን' ወይም 'አይሁን' እንዲል የሚጠይቀው ላይ ደግሞ ለሁሉም 'ይሁን' አሉ። ውሃ መከልከል ያስጠይቃላ።

ፕሬዚዳንቱ ቀረ።

ጋሼ ክፍሉ ሰው የሚመዝኑበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ይህ ሰው ለልጄ የክርስትና አባት ይሆን ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ልጅ የላቸውም። ግን በሐሳባቸው አንድ ሕፃን ታቅፈው ወደ አንደኛው ተወዳዳሪ ይሄዳሉ፤ ትንሽ አየት ያደርጉትና ሕፃኑን ይዘው ይመለሳሉ። ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ፤ ከዚያም ይመለሳሉ። ያ ሕፃን እስከ ዛሬ ክርስትና አልተነሣም።

ጎረቤታችን ሳላሀዲን፣ ቅመማ ቅመምና የስልክ ካርድ የሚሸጠው የወሎ ልጅ፣ ይህን ሲሰማ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ ይስቅባቸዋል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ሻይ እየጠጣሁ ነው የጨረስኩት።"

"አንተማ ደፋር ነህ።"

"የእኛ አገር ቢሆን ሁለቱንም አንድ ጥላ ሥር አስቀምጠን በሽማግሌ እናስታርቃቸው ነበር። ደግሞ አሸናፊው አስቀድሞ በሚታወቅበት በካሊፎርኒያ የእርስዎ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?"

"እሱ የእነሱ ሒሳብ ነው። እኔን በሰማይ የሚጠይቁኝ ስለ አንዷ ነው።"

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ሀይለገብርኤል ደወሉ። አባ ኅሊናህን ጠይቅ አሏቸው። ጋሼ ክፍሉ ስልኩን ዘግተው ወደ ኩሽናዬ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። "ኅሊናዬን ጠይቅ አሉኝ" አሉ። "የኔ ኅሊና እኮ ከኔ የባሰ ፈሪ ነው።"

እስከዚህ ድረስ ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። አሁን የማያስቀውን ልናገር።

የእኔ የጥገኝነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ቀጠሮ ይሰጡኛል፣ ቀጠሮው ይዛወራል። ዘንድሮ በቴሌቪዥን ከአንደኛው ተወዳዳሪ ወገን የሚወራው፣ እንደኔ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ስለ ማስወጣት ነው። እኔ መፍራት ሰልችቶኛል፤ ጠዋት ተነሥቼ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። ጋሼ ክፍሉ ግን መስኮቱ የጠቆረ ቫን ግቢው በገባ ቁጥር ቁልፍ መቀበሉን ትተው በጓሮ በር እየሮጡ ይመጣሉ። "ዘቢደር፣ እስኪ መጋዘን ገብተሽ በርበሬ ፈልጊልኝ" ይሉኛል። በርበሬው እጄ ላይ ነው። ግን እገባለሁ። ቫኑ አንዴም የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ ሆኖ አያውቅም፤ ወይ አበባ አመላላሽ ነው፣ ወይ የሠርግ ሙዚቀኞች። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የማንን ቁልፍ ለማን እንደሚመልሱ ይጠፋባቸዋል።

አንድ ቀን ምሳ አስቀምጬላቸው ሳለ ሳይቀምሱት እንዲህ አሉኝ፦

"አንደኛው የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል። በማኅፀን ስላለው ሕፃንም ቤተ ክርስቲያን የምትለውን ይላል። ግን አንቺን ይወስድሻል። ሁለተኛው አንቺን ይተውሻል፤ በሌላው ነገር ግን ..." አልጨረሱትም። "አንቺን ባድን ለነፍሴ እፈራለሁ፤ ነፍሴን ባድን ለአንቺ።"

"እኔን ይተዉኝ ጋሼ። የሚመጣው ይመጣል።"

"አንቺ መፍራት ተውሽ። እንግዲህ የሁለት ሰው ፍርሃት እኔ ላይ ወደቀ።"

ሱባኤ ያዙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ፣ በመኪና መሀል ዳዊት እየደገሙ ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ከተው መጡ። ፊታቸው ፈክቷል። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኳቸውም።

ብዙ ሳይቆይ፣ የምርጫው ቀን ገና ሳይደርስ፣ ሌላ ወረቀት በሜይል ተላከላቸው። አመድ መስለው ወደ ሳላሀዲን ሱቅ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፣ እሳቸው ደግሞ በዚያ ሰዓት ፊደሉ አይታያቸውም። "ሲቲዝንነቴን ሊነጥቁኝ ነው" አሉ።

ሳላሀዲን አነበበው። "ኦኬ፣ ምንም የለም። ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ እነሱ ጋ ካለው ጋር አይመሳሰልም ነው የሚለው። ጋሼ፣ ማን ብለው ነው የፈረሙት?"

ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ጋሼ?"

"ወልደ ሩፋኤል።"

"ማነው እሱ?"

"እኔ ነኝ። የክርስትና ስሜ ነው። ጸሎት ሲደረስልኝ በሱ ነው፣ ስቆርብ በሱ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በመንጃ ፈቃድ ስም ይፈረማል?"

ሳላሀዲን ሊስቅ ነበር፤ እኔን አየና ተወው። ረጋ ብሎ አስረዳቸው። በዚህኛው ወረቀት ላይ በመታወቂያቸው ስም ፈርመው ከመለሱ ድምፃቸው ይቆጠራል። ካልመለሱ ደግሞ ይጣላል። "ማንም አይከስዎትም፣ ማንም አይጠይቅዎትም። ከፈለጉ ይተዉት።"

ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። መውጫ አገኙ። ጾሙም ጸሎቱም ተደርጓል፣ ድምፁም ተሰጥቷል፤ ግን ማንም ሳይቆጥረው ይቀራል፣ ስለሆነም አያስጠይቅም። ለአንድ ፈሪ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ከሰማይም አይወርድለትም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ዛሬ እንኳ ይተኛሉ ብዬ።

በማግሥቱ ወደ ኩሽናዬ መጥተው እስክሪብቶ ጠየቁኝ። የመክተፊያ ጠረጴዛዬን ጥግ ጠረግሁላቸው።

"አልተዉትም እንዴ ነገሩን?"

"ትቼው ተኝቼ ነበር። ከዚያ አንቺን ሲወስዱሽ ታየኝ። እዚያ በር ላይ ቆሜአለሁ። 'እኔ የለሁበትም' እላለሁ፤ ደግሞም እውነት ነው፣ የለሁበትም።" ወረቀቱን ዘረጉት። "ከገሃነም ይልቅ እሱ አስፈራኝ።"

ወረቀቱ ስለሸሸባቸው በመዳፌ ያዝኩላቸው። ክፍሉ ብለው ፈረሙ፤ የአባታቸውንም ስም ጨመሩ።

"ለአባ ሀይለገብርኤል ደውዬ ቀኖና ስጡኝ ብዬአቸዋለሁ" አሉ። "ምን ኃጢአት ሠራህ አሉኝ። እንጃ፣ ገና አልታወቀም አልኳቸው። ተቆጡኝ። ኋላ ሲሰለቻቸው ስግደት ሰጡኝ።"

"ጋሼ፣ በዚያ ጉልበት?"

"ይችላል" አሉና ወጡ።

ምሳ ሰዓት አካባቢ አንድ ጎረምሳ በጓሮ በር አንገቱን አስገብቶ፣ ቁልፌን የሚሰጠኝ ሰው አጣሁ አለኝ። ወጥቼ አየሁ። ጋሼ ክፍሉ በሁለት መኪኖች መሀል ካርቶን አንጥፈው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይነሣሉ፤ አንድ እጃቸውን መኪናው ላይ ተደግፈው፣ ትንፋሽ እየሰበሰቡ፣ እንደገና ይወርዳሉ።

"ሽማግሌው ታመሙ እንዴ? ሰው ልጥራ?" አለኝ ጎረምሳው።

"አልታመሙም" አልኩት፤ እንዳያልፍም ፊቱ ቆምኩ። "ሥራ ላይ ናቸው። ጠብቅ።"